እምቢ ያልኩበት እሑድ

ባለፈው ሳምንት አንድ አዛውንት ሱቄ በር ላይ ቆመው አረፈዱ። ሱቅ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ቡሬ ከፍርድ ቤቱ ማዶ ያለች፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽንና ሁለት ወንበር ያጣበቧት ክፍል ናት። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ወረቀት አባዛለሁ፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ደጅ ወጥቼ አላፊ አግዳሚውን አያለሁ። አዛውንቱ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበዋል፤ ከጋቢው ሥር አንድ እጃቸው የሆነ ነገር ጨብጧል።

«አባቴ፣ ምን ልታዘዝ?» አልኳቸው።

«የለም ልጄ፣ ምንም። እንዲያው ነው» አሉኝ።

ሌላ ባለጉዳይ ይዤ ነበርና ወደ ሥራዬ ዞርኩ። ቀና ስል በሩ ላይ ማንም የለም።

ራት ላይ ትዝ አሉኝ። ያ «እንዲያው ነው» ያሉበት ድምፅ አዲስ አልሆነብኝም፤ የት እንደሰማሁት ለማስታወስ ግን ሁለት ጉርሻ ያህል ፈጀብኝ። የራሴ ድምፅ ነው። ሪያድ ከተማ፣ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ፣ ከመባረር ሊያድነኝ በእግሩ ለመጣ ሰው የመለስኩት መልስ ነው።

ነገሩ የሆነው በ2006 ዓ.ም. መስከረም ማለቂያ ላይ ነው። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ወደ ሪያድ የገባሁት ሰናኢያ በሚባለው የፋብሪካዎች ሰፈር ባለ አንድ የካርቶን ማምረቻ ስም ነበር። በስምንተኛው ወር ማምረቻው ተዘጋ። ከፊሌ፣ ማለትም በሕግ ፊት ኀላፊዬ የሆነው አሠሪ፣ ስልኩን ዘግቶ ጠፋ። የመኖሪያ ፈቃዴ፣ እነሱ ኢቃማ የሚሉት፣ ጊዜው አልፎ ኪሴ ውስጥ ተኛ። እኔም እንደ ብዙው ሐበሻ ወረቀቴ አንድ ቦታ፣ ጉልበቴ ሌላ ቦታ ሆነ፤ ዑለያ በሚባለው የረጃጅም ፎቆች ሰፈር አንድ የመሐንዲሶች ቢሮ ውስጥ በጽዳት ሠራተኛነት ገባሁ። ያስገባኝ የጽዳት ተቋራጭ ስለ ወረቀቴ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም።

በዚያ ዓመት የአገሩ መንግሥት ምሕረት አውጆ ነበር። ከፊሉን ጥሎ ሌላ ቦታ የሚሠራ ሰው የሚቀበለው አሠሪ ካገኘ ያለ ቅጣት ወረቀቱን ያዛውር፤ ያላገኘ ይውጣ ተባለ። የተሰጠውን ጊዜ «ሙህላ» ይሉት ነበር። ባጥሐ ገበያ ውስጥ፣ ገንዘብ መላኪያው ፊት በተሰለፍንበት፣ ከሰላምታ በፊት የሚጠየቀው ስለ ሙህላው ሆነ። ሙህላው ሲያልቅ ፍተሻ፣ ከፍተሻው በኋላ ተርሒል ነው፤ በአውሮፕላን ተጭኖ ወደ አገር መመለስ። እኔ ደግሞ ባዶ እጄን መመለስ የማልችልበት ምክንያት ነበረኝ። እህቴ ብርቱካን ጤና ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነበረች፤ ምሳዋም፣ የቤት ኪራይዋም፣ ነጭ ጋዋኗም በኔ ክንድ ነበር። እኔ ከወደቅኩ እሷም ከትምህርቷ ትወድቃለች።

ታዲያ የሚቀበለኝ አሠሪ ፈልጌ ለምን አልጠየቅኩም? እዚህ ላይ ነው የአስተዳደጌን ነገር መናገር ያለብኝ። እኔ ያደግኩት ዝምታ ጨዋነት በሆነበት ቤት ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባልልን ነበር። ከዚያ ላይ አረብኛ አንቱታ የሌለው ቋንቋ ሆኖ አገኘሁት። ሚኒስትሩም «አንተ»፣ ዘበኛውም «አንተ» ነው። የቢሮውን አለቃ፣ ያን የሚያህል ሰው፣ ፊት ለፊት ቆሜ «አንተ» ልለው? ምላሴ አልታዘዝ አለኝ። ስለዚህ ምንም ሳልለው አንድ ዓመት ከመንፈቅ ወለሉን ስወለውል ኖርኩ።

አለቃው ሙሀንዲስ ናስር ይባሉ ነበር። አርባ ዓመት ቢሆናቸው ነው፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሲያስቡ ጢማቸውን የሚፈትሉ ሰው። የቢሯቸውን በር የግንባታ ናሙና በሆነ አንድ የእብነ በረድ ቁራጭ አስደግፈው ቀኑን ሙሉ ክፍት ይተዉት ነበር። ድንጋዩን ስጠርግ በየቀኑ አንስቼ በየቀኑ እመልሰዋለሁ። ሌላው አለቃ በሩን ይዘጋል፣ እኚህ ደግሞ ድንጋይ ይደግፉበታል እያልኩ ይገርመኝ ነበር፤ በዚያ በር የመግባት ሐሳብ ግን ለእኔ የተፈቀደ መስሎ አልታየኝም።

በዚያ ቢሮ የማናግረው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ኡስታዝ በሺር። ሱዳናዊ ናቸው፣ የኦምዱርማን ሰው፣ ስድሳን ያለፉ፣ የቢሮው አስተርጓሚ። ጠረጴዛቸው ከትንሿ ወጥ ቤት አጠገብ ነው። ሌላው ሁሉ «ሐበሺ» ብሎ ሲጠራኝ እሳቸው ሁለት ቀን ተለማምደው «ይበልጣል» ብለው በስሜ የጠሩኝ ናቸው። ጠረጴዛቸው ላይ ጡብ የሚያክል የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ነበር፤ ጀርባው ተገንጥሎ በፕላስተር የተጠገነ፣ ከተማሪነታቸው ጀምሮ አብሯቸው የኖረ። ያ መጽሐፍ የቃሉን ፍቺ ብቻ ተናግሮ አይተውም፤ ቃሉ የማን ልጅ እንደሆነ፣ በየት አገር በኩል እንደመጣ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ በትንሽ ነጥብ ያመለጠኝ፣ እንግሊዝኛ የምወድ ልጅ መሆኔን ሲያውቁ ጠዋት ጠዋት ሻያቸውን ሳቀርብ አንድ ቃል ይሰጡኝ ጀመር። ከሻይ ካርቶን ክዳን ቀደድ ያደርጉና ይጽፉልኛል፤ እኔ ወለል እየጠረግኩ ስደጋግመው እውላለሁ። ከርከዴ የሚሉትን ቀይ የአበባ ሻይ ሲጠጡ ምላሳቸው ይቀላ ነበር፤ በዚያ ቀይ ምላስ የሮማንና የግሪክን ነገር ሲያወሩ ደስ ይሉ ነበር።

እሑዱ መጣ። እዚያ አገር እሑድ የሥራ ሳምንት መጀመሪያ ነው። ጠዋት ወጥ ቤቱ ውስጥ ብርጭቆ እያጠብኩ ሳለ ሙሀንዲስ ናስር ራሳቸው ውሃ ሊቀዱ ገቡ። ቀድተው ሊወጡ ሲሉ ቆም አሉና፣

«ወረቀትህ ተቋራጩ ጋ አይደለም አሉ። ሰናኢያ ነው?» አሉኝ።

«አዎ» አልኩ፣ ወደ መሬት እያየሁ።

«ለወጥ ቤቱ ሰው እንፈልጋለን። ወረቀትህን ወደኛ እናዛውረው?»

ልቤ ዘለለ። እውነቴን ነው፣ የእጄ ብርጭቆ በሳሙናው ተንሸራቶ ሊያመልጠኝ ነበር። አፌ ግን እናቴ ያስተማረችውን አደረገ። «የለም፣ አመሰግናለሁ። እግዜር ይስጥልኝ። በኔ ምክንያት አይቸገሩ» የሚለውን በአረብኛ በቻልኩት መጠን አልኩ።

እሳቸው አየት አደረጉኝ። «ኸላስ፣ አላህ ከሪም»፣ በቃ፣ አላህ ቸር ነው ብለው ውሃቸውን ይዘው ወጡ።

አንባቢዬ፣ አንተ እንኳ ታውቀዋለህ፤ ያ «የለም» እምቢታ አልነበረም። የወጉ መጀመሪያ ነበር። እኛ ቤት ልጅ ሰው ቤት ሄዶ «ብላ» ሲባል «በልቼ ነው የመጣሁ» ይላል፤ ሆዱ እየጮኸም ቢሆን ይላል። ባለቤት ደግሞ ይህን ያውቃል። «ኧረ በሞቴ!» ይላል። እንግዳው «አይ፣ ጠግቤያለሁ» ይላል። ባለቤቱ «አፈር ስሆን!» ሲል፣ ያኔ እንግዳው ተሸናፊ መስሎ ይቀመጣል። በመጀመሪያው ጥሪ እጁን የሚሰድ ልጅ ወደ ቤቱ ሲመለስ ቁንጥጫ ይጠብቀዋል። እኔ ቁንጥጫውን አንድ ጊዜ ቀምሼዋለሁ፤ ለአንድ እፍኝ ቆሎ ስል። ስለዚህ በዚያ እሑድ ጠዋት ብርጭቆዬን አጠብኩ፣ አደረቅኩ፣ ሁለተኛውን ጥሪ ጠበቅኩ።

ከሰዓት በኋላ ሻይ ይዤ ገባሁ፤ ሙሀንዲሱ ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ አመሰገኑኝ። ሰኞ ሸሚዜን ተኩሼ መጣሁ። ጠረጴዛቸውን ሦስት ጊዜ ወለወልኩ። «በጣም አጸዳኸው፣ ተወው» አሉኝ። ማክሰኞ ኮሪደሩ ላይ ሆን ብዬ ሁለት ጊዜ ተገናኘኋቸው። ጥሪውን አልደገሙትም። ረቡዕ ቀትር ላይ አንድ ኔፓላዊ ፋይል በብብቱ ይዞ መጣና ቢሯቸው ገባ፤ ሲወጣ እየሳቀ ነበር፤ ወጥ ቤቱን በዓይኑ ለካው። መጥረጊያዬን ተደግፌ ቀረሁ።

በዚያ ላይ ሐሙስ ከዒድ ዕረፍት በፊት የመጨረሻው የሥራ ቀን ነበር። ከዒዱ በኋላ ሙህላው የቀረው ጥቂት ቀን ነው።

ረቡዕ ከሥራ ስመለስ ባጥሐ አብሮኝ የሚኖረው ሰይድ ፉልና ትኩስ ተሚስ ገዝቶ ጠበቀኝ። ሰይድ የሐይቅ ልጅ ነው፤ ወረቀቱ የተሟላ፣ የዳቦ ማመላለሻ መኪና የሚነዳ፣ ዝም ማለት የማይሆንለት ሰው። ያ እንጀራ የሚያህል ሰፊ ዳቦ ሲቆረስ የሚወጣው ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ። መብላት አቃተኝ። ነገርኩት።

«ቆይ፣ ቆይ» አለ፣ ጉርሻውን አስቀምጦ። «አንተ ሰውዬ፣ ሊያዛውርህ መጥቶ እምቢ አልከው?»

«እምቢ እንኳ አላልኩም። እንዲያው… ወጉን ነው።»

«ወላሂ! ሳውዲው ‹በሞቴ ይበልጣል› እስኪልህ ነው የጠበቅከው? ኧረ ወንድሜ፣ አብደሃል! ነገ ሄደህ ንገረው።»

«ምን ብዬ ልንገረው? እሱ ጨርሷል፤ ሰው አግኝቷል።»

«ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ሲባል አልሰማህም? ያላ፣ አሁን ብላ። ሦስተኛ አልለምንህም» አለና ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ሐሙስ ጠዋት ለኡስታዝ በሺር ሻይ ሳቀርብ ፊቴን አዩ።

«ምን ሆነሃል?»

«ምንም።»

«እሺ ምንም። አሁን ደግሞ እውነቱን ንገረኝ» አሉ። ሁለተኛው ጥያቄ ገደቡን አፈረሰው። ከእሑድ ጀምሮ ያለውን ተናገርኩ። ሲሰሙ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር።

«እኛም አገር እንዲሁ ነው» አሉ። «አክስቴ ቤት አንድ ቀን ሙሉ በረሃብ ውያለሁ። ተቀመጥ። የዛሬውን ቃል ሳትወስድ አትሄድም።»

በዚያ ቀን የሚተረጉሙት ቢሮውን ለሚለቅ ለአንድ ዮርዳኖሳዊ ሒሳብ ሠራተኛ የተጻፈ የስንብት ደብዳቤ ነበር። ደብዳቤው ሰውየውን በእንግሊዝኛ «አፈብል» ይለዋል። መዝገበ ቃላቱን ገለጡ። የመጀመሪያው ፍቺ ተራ ነው፤ ሰው የሚቀርብ፣ ተግባቢ፣ ፊቱ ፈታ ያለ። እኔ እንኳ የአማርኛው «አፍ» ያለበት መስሎኝ ነበር፤ ዝምድና የለውም። ኡስታዝ ጣታቸውን ወደ ታች አወረዱና የዘሩን ሐረግ አነበቡልኝ። ቃሉ የጥንት ሮማውያን ነው። «አድ» ወደ ማለት ነው፤ «ፋሪ» መናገር ማለት ነው። በፈረንሳይ በኩል አልፎ እንግሊዝ ገባ። ሥሩ ሲፈታ «ሊያናግሩት የሚቻል» ማለት ይሆናል።

«ልብ በል» አሉ፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው። «ቃሉ ሰውየው ብዙ ያወራል አይልም። ጥርሱ አይከደንም አይልም። ሌላው ሰው ሄዶ ቢያናግረው ይችላል፣ ይኸው ነው የሚለው። ግማሹ በሰውየው ነው፤ ግማሹ በሚሄደው። ማንም ሄዶ ያላናገረው ሰው አፈብል መሆኑ በምን ይታወቃል?»

ከዚያ ብዙ ገጽ ወደፊት ገለጡ። «ይኸውልህ፣ የዚሁ የ‹ፋሪ› ሌላ ልጅ። ‹ኢንፋንት›። ሕፃን ማለት ነው፤ ሥሩ ‹የማይናገር› ነው።» መጽሐፉን ከደኑት። «ያ ሙሀንዲስ የመጀመሪያው ቃል ነው። ድንጋይ የተደገፈ በሩን አታይም? አንተ ደግሞ ሁለተኛው። ሂድ።»

«ምን ብዬ?»

«ለኔ ያልከውን ብለህ።»

ከወጥ ቤቱ እስከዚያ በር ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። እየሄድኩ «አንተ» እያልኩ በልቤ ተለማመድኩ። የእብነ በረዱ ቁራጭ ጋ ስደርስ ቆምኩ። ሙሀንዲስ ናስር ጠረጴዛቸው ላይ ቢጫውን የአረብ ቡና በትንሽ ሲኒ ይዘው ካርታ ያያሉ። ቀና አሉ። ያኔ እንደ ሕፃን ያለ ሥርዓት፣ ያለ መግቢያ፣ በተሰባበረ አረብኛ ሁሉንም ዘረገፍኩት። እሑድ የለም ያልኩት እምቢ ማለቴ እንዳልነበረ፣ በእኛ አገር እስከ ሦስተኛው ጥሪ «የለም» እንደሚባል፣ ሁለተኛውን ስጠብቅ አራት ቀን እንደሞላኝ፣ ወረቀቴ ካልተዛወረ እንደምባረር፣ እህቴ ትምህርቷ እንደሚቋረጥ።

ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «ሦስት ጊዜ መጠየቅ ነበረብኝ?»

«አዎ።»

«ሦስት ጊዜ!» አሉና ሣቁ፤ ክፉ ሣቅ አልነበረም። ከዚያ ባዶውን ሲኒ አንስተው በጣታቸው መሐል ነቅነቅ ነቅነቅ አደረጉት። «ይህን ታውቀዋለህ። እኛ ጋ እንግዳ ሲኒውን ካልነቀነቀ ይቀዳለታል፤ ከነቀነቀ በቃኝ ማለት ነው፤ ቢለምኑት ነውር ነው። አንተ እሑድ ሲኒህን ነቀነቅክብኝ። እኔም ላከብርህ ብዬ ተውኩህ።»

ሁለታችንም ጨዋ ሆነን ነበር ለካ። ሁለት ጨዋ ሰዎች፣ በሁለት ወግ፣ አንዱን ሰው ወደ ተርሒል ልንሸኘው ነበር።

ቀጥለው ግን ፊታቸው ቀየር አለ። «ለወጥ ቤቱ ለኔፓሉ ቃል ሰጥቻለሁ። ቃሌን አላጥፍም» አሉ። ከዚያ ጢማቸውን ፈተሉ። «ፕላን የሚባዛበትን ክፍል የያዘው ሰው ከዒድ በኋላ አይመለስም። ማሽኑን ታውቀዋለህ?»

«አላውቅም። እማራለሁ።»

«ወረቀትህን ወደኛ ላዛውረው?»

አፌ እንደ ልማዱ «የለም» ሊል ተንቀሳቀሰ። እውነት እላችኋለሁ፣ ቃሉ ጥርሴ ድረስ መጥቶ ነበር። ዋጥኩትና «እሺ» አልኩ። በሕይወቴ በመጀመሪያው ጥሪ «እሺ» ያልኩበት ቀን ያ ነው። እንባዬን ለመደበቅ የእብነ በረዱን ድንጋይ ጎንበስ ብዬ አስተካከልኩት፤ የተበላሸ ነገር ግን አልነበረበትም።

ከዒድ በኋላ ጉዳይ አስፈጻሚያቸው ወረቀቴን ይዞ ከቢሮ ቢሮ ሲሮጥ ከረመ። ሙህላው ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ሙሀንዲስ ናስር ወደ ማባዣው ክፍል መጡና አዲሱን ኢቃማ ዘረጉልኝ። እጄን ስዘረጋ ወደኋላ ሳብ አደረጉት። «መጀመሪያ የለም በል» አሉኝ። «የለም» አልኩ። «ውሰድ።» «የለም።» «በአላህ ብዬሃለሁ፣ ውሰድ!» ወሰድኩ። በሩ ላይ ቆመው ያዩ የነበሩት ኡስታዝ በሺር እስኪያስላቸው ሣቁ።

ከሳምንት በኋላ ባጥሐ ውስጥ ፍተሻ ተጀመረ። አንድ ወታደር ካርዴን ገልብጦ አየና መለሰልኝ፤ ነገሩ ይኸው ነበር። ከኔ ፊት የነበረው ልጅ ግን የሚያሳየው አልነበረውም። ዞር ብሎ አየኝ፤ ያ አስተያየቱ አልጠፋኝም። በዚያ ጥቅምትና ኅዳር ብዙ ወገኖቻችን ተጭነው ተመለሱ። ከነሱ መሐል ስንቱ ለመጠየቅ አፍሮ እንደቀረ፣ ስንቱስ አንዴ ተጠይቆ በወጉ «የለም» እንዳለ እግዜር ይወቀው። እኔ ከነሱ የተሻልኩ ሆኜ አልቀረሁም። ሁለት ጊዜ የጠየቁኝ አንድ ሽማግሌና በሩን ያልዘጋ አንድ ሰው ስለነበሩኝ ነው።

ኡስታዝ በሺር በ2008 ለመጨረሻ ጊዜ ወደ አገራቸው ሊመለሱ ዕቃቸውን ሸከፉ። የመሰናበቻው ቀን ያን ጡብ የሚያክል መዝገበ ቃላት አንስተው «ይበልጣል፣ ይህን ውሰድ» አሉኝ። እኔ ያኔ የበቃሁ ሰው ነኝ፤ ትምህርቴን ወስጃለሁ። ወዲያው «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብዬ በሁለት እጄ ተቀበልኩ።

ፊታቸው ላይ አንድ ነገር አለፈ። እጃቸው መጽሐፉን ቶሎ አልለቀቀም። ከዚያ ፈገግ አሉና «ያ ወለዲ፣ ልጄ፣ አንዴ እንኳ እምቢ አትልም?» አሉ።

ደነገጥኩ። ሱዳኖችም እንዲሁ ናቸው ብለውኝ ነበር እኮ። ሰውየው ወጉን ነው ያደረሱት፤ ያን መጽሐፍ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ተሸክመውት ዞረዋል። «ይውሰዱት፣ ኡስታዝ፣ ልመልስልዎት» ብዬ ብለምን አሻፈረኝ አሉ። «ኸላስ። እሺ ማለትን ያስተማርኩህ እኔ ነኝ፤ ዋጋውን ልክፈል» አሉ። እስከ ዛሬ ይኸው ኮምፒውተሬ አጠገብ አለ፤ ፕላስተሩ አርጅቶ እኔ ሌላ ለጥፌበታለሁ። ባየሁት ቁጥር ምስጋናና እፍረት አብረው ይመጡብኛል። ምስጋናው ይበልጣል።

እህቴ ብርቱካን ዛሬ ነርስ ናት። እኔም የማባዣ ማሽን የለመድኩት ዑለያ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነው፤ እንጀራዬ ከዚያ መጣ። ሰዎች ስለ ሪያድ ሲያወሩ ሙቀቱንና ክፋቱን ያወራሉ፤ አውቀዋለሁ፣ ሁለቱም አሉ። እኔ ግን አደራ ያለብኝ ሰው ነኝና በበኩሌ ስለዚያ ክፍት በር መናገር አለብኝ።

ይህን ሁሉ ካስታወስኩ በኋላ በማግስቱ ዓይኔ ከደጁ አልተነቀለም። አዛውንቱ ሦስት ሰዓት ገደማ መጡ፤ ትናንት በቆሙበት ቦታ ቆሙ። ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ። ከሁለቱ ወንበሮች አንዱን ይዤ ወጣሁና ግድግዳው ሥር ጥላው ላይ አኖርኩላቸው።

«አባቴ፣ ይቀመጡ።»

«የለም ልጄ፣ አልደከመኝም።»

«በሞቴ።»

«ኧረ ሥራህን አታስፈታ…»

«አፈር ስሆን፣ ይቀመጡ!»

ተቀመጡ። አገራቸውን ጠየቅኩ፣ ስለ ዘንድሮ ጤፍ ጠየቅኩ፣ ስለ ጉልበታቸው ሕመም ጠየቅኩ። ፀሐይዋ ከግድግዳው ላይ ትንሽ ፈቀቅ ስትል እጃቸው ከጋቢው ሥር ወጣ። የጨበጡት ወረቀት ነበር፤ ላባቸው አርሶት፣ ጠርዙ ተቀዶ። የእርሻቸውን ድንበር ጎረቤታቸው ገፍቶ ፍርድ ተፈርዶባቸዋል፤ ይግባኝ ማለት ይፈልጋሉ። የይግባኙን ቀን ፈለግኩና አገኘሁት። የመጨረሻው ቀን ያው ዕለት ነበር።

«አባቴ!» አልኩ፣ ድምፄ ከፍ ብሎ። «ትናንት ስጠይቅዎት ለምን አልነገሩኝም?»

አዛውንቱ በሚገርም ገርነት አዩኝ።

«አንድ ጊዜ ብቻ ነዋ የጠየቅኸኝ» አሉ።